የጌም ላፕቶፕና የሙቀት ጣጣ

ለጌም የተሠራ አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶ፣ ጨዋታው በተጀመረ ጥቂት ደቂቃ ሲንቀረፈፍ ያየ ተማሪ የተበላሸ ዕቃ የተሸጠለት ሊመስለው ይችላል። ሰበቡ ግን ብዙውን ጊዜ ሙቀት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ከ20 በመቶ በላይ ስለሚሳሳ፣ ማራገቢያው ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። (አልጋ ላይ አስቀምጦ መጫወትማ የአየር ማስገቢያውን በእጅ እንደ መድፈን ነው።)

ፍቱን የሆነው ዘዴ ቮልቴጅ መቀነስ ነው። ቺፑ ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል በአብዛኛው ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚመጣጠን፣ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲቀንስ ፍጥነቱ ሳይነካ ፍጆታው በ19 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ከልክ በላይ ከተቀነሰ ግን ኮምፒዩተሩ ይደርቃል፤ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱ መፈተሽ ያሻል። አምራቹ ይህን ከዘጋው፣ በሴኮንድ የሚሣሉትን ምስሎች ብዛት በስክሪኑ ልክ መገደብ ይቻላል፤ የ144 ኸርዝ ስክሪን በሴኮንድ ከ144 ጊዜ በላይ አይታደስምና።