ስለ ወረፋና ስለ ድንገተኛ ሕመምተኛ

ገበያተኛ በሱቅ ደጅ ወረፋ ቢሰለቸው ነገ ይመለሳል፤ በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚጠብቅ ሕመምተኛ ግን ነገን ላያገኝ ይችላል። በቢቸናም በሞጣም ሆስፒታል ስላለ ነገሩ ለእኛ ቅርብ ነው።

ለወረፋ ስሌት መሠረት የጣለው ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ ሲሆን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ስለ ስልክ ጥሪዎች ጽሑፍ አሳተመ። ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተር የሕመምተኞችን አመጣጥና አስተናጋገድ አስመስሎ የብዙ ወር ሥራ በጥቂት ደቂቃ ያሳያል።

ለምሳሌ ያህል፥ ሕመምተኛ በአማካይ በየ15 ደቂቃው ቢመጣና ምርመራው በአማካይ 12 ደቂቃ ቢፈጅ፥ አንድ ሐኪም የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን አንዳንዴ ሦስት በአንድነት ስለሚደርሱ፥ የአንዱም ሕመም ከሌላው ስለሚከብድ፥ በስሌቱ መሠረት አማካዩ ጥበቃ 48 ደቂቃ ይሆናል። ሁለተኛ ሐኪም ቢጨመር ወደ 2 ደቂቃ ይወርዳል። ይህም አንድ ሠራተኛ ሳይቀጠር አስቀድሞ ይታወቃል።

ሆኖም መዝገብ የማይዝ ነጋዴ ትርፉን እንደማያውቅ ሁሉ፥ ሕመምተኛው የደረሰበት ሰዓት ካልተጻፈ ኮምፒዩተርም ከንቱ ነው። ስለዚህ ለሆስፒታል መዋጮ ስንጠየቅ፥ የጐደለው አልጋ ነው ወይስ ሰው ብለን አስቀድመን መዝገቡን እንጠይቅ።