ድመትም ጉንፋን ይይዛታል እንዴ?

ከወደ አምባሰል፣ ከውጫሌ ደብዳቤ ደርሶኛል። (ውጫሌ ሲባል የ1881ዱ ውል እንጂ ድመት ትዝ ብሎኝ አያውቅም!) ጸሐፊዋ የልጆች እናት ናት። «ድመቴ 3 ቀን ሙሉ ታስነጥሳለች፣ ንፍጧም ይወርዳል። ጎረቤቶቼ ‹ልጆችሽን ታስይዛለች፣ ወስደሽ ጣያት› ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?» ትላለች።

እህቴ፣ እንዳትጥያት! ይኸ ነገር በእኔም ደርሷል። ሐይቅ ከተማ ተከራይቼ በኖርኩበት ቤት አይጥ ቢያስቸግረኝ አንዲት ግራጫ ድመት አመጣሁ። አንድ ማለዳ «እንጥሽ!... እንጥሽ!» ትል ጀመር። ባለቤቷ እትዬ በርበሬ ያምሱ ስለነበር፣ እኛንም እያስነጠሰን አይደል ብዬ ሳቅሁ። እውነትም ጭስ፣ በርበሬና የአውድማ አቧራ ድመትን ያስነጥሳሉ፤ ዞር ስትል ግን ይተዋታል። የእኔዋን አልተዋትም። በማግሥቱ ዓይኗ ተጣበቀ፣ አፍንጫዋ ታፈነ፣ የምትሞትለትን የሐይቁን ዓሣ እንኳ ትታው ሄደች።

ያኔ ጉድ ልሠራ ነበር! ለራሴ ከገዛሁት ፓራሲታሞል ግማሿን ፈጭቼ በወተት ልሰጣት ስል፣ አንድ የማውቀው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደረሰና እጄን ያዘኝ። «ልትገድላት ነው እንዴ?» አለኝ። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት አይችለውም፤ ደሟም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። አንዲት ፍሬ ትገድላለች፣ ግማሿም አትታመንም።

እሱ እንዳስረዳኝ የድመትን ጉንፋን በብዛት የሚያመጡት ሁለት ቫይረሶች ናቸው፤ የድመት ኸርፐስና ካሊሲ። ከድመት ወደ ድመት እንጂ ወደ ሰው አይጋቡም። ስለዚህ ለልጆችሽ ጉንፋን አትስጊ፤ ሌላ ድመት ካለሽ ግን ሳህናቸውን ለይ። ኸርፐሱ አንዴ ከገባ ተደብቆ ይኖራል፤ ስትወልድ ወይም ቤት ስትቀይር ይነሳባታል።

አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ንፍጡ ወፍሮ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ባክቴሪያ ተደርቦ ይሆናልና ሐኪም ይየው። ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚወርድ ወይም ደም ያለበት ከሆነም እንደዚያው፤ የሣር ጫፍ ገብቶባት ወይም የጥርሷ ሥር ቆስሎ ይሆናል።

ቤት ውስጥስ? ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክረሽ ዓይንና አፍንጫዋን ጥረጊ። ከምድጃና ከዕጣን አርቂያት። ድመት ያላሸተተችውን አትበላም፤ ስለዚህ ምግቧን ሞቅ አድርጊው። እኔ የዓሣ መረቅ እያሞቅሁ በማንኪያ አቀርብላት ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ካልቀመሰች ግን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ነው፣ ጾሙ ጉበቷን ይጎዳዋል። ግልገል ከሆነችማ ያን ያህልም አይጠበቅም።

አንድ ነገር ልብ በይ። ካሊሲ ምላሷን አቁስሎ ለሐጭ ሊያዝረበርባት ይችላል። ነገር ግን ጠባይዋ ተለውጦ የምትናከስ ወይም የምትንገዳገድ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ አፏን እንዳትነኪ፣ ልጆቹንም አርቂ። ነክሳ ከሆነ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

የእኔዋስ? በ10ኛው ቀን አይጥ አምጥታ በሬ ላይ ዘረጋችልኝ። እትዬ ያን ዕለትም በርበሬ ያምሱ ነበርና ሦስታችንም አስነጠሰን።