የስክሪን ሰዓትና የተማሪዎቻችን ክብደት

ለዕረፍት የተመለሰን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ወፈርህ፣ ተስማማህ» ብለን ስንቀበል ውፍረትን ሁሉ የጤና ምልክት እናደርገዋለን። ሆኖም በኪሎ ግራም የተለካው ክብደት ለቁመት ካሬ በሜትር ሲካፈል ውጤቱ 25 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክብደቱ ከመጠን ያለፈ፣ ከ18.5 በታች ከሆነ ያነሰ ይባላል።

ስልክ በራሱ አያወፍርም። ጉዳቱ የሚመጣው ለረጅም ሰዓት ስለሚያስቀምጥ፣ ዐይን ስክሪን ላይ ሳለ እጅ ሳይታወቀው አብዝቶ ስለሚጎርስ፣ የሌሊት ብርሃኑም እንቅልፍን ስለሚያዘገይ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት የበለጠ ምግብ ይሻልና። የጾም ምግብም ቢሆን በዘይት ከተጠበሰና በለስላሳ መጠጥ ከታጀበ ክብደት ይጨምራል። በአንጻሩ ሌሊቱን በስልክ አንግቶ ቁርስ የሚያልፈው ተማሪ ሊከሳ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በሳምንት 5 ቀን የግማሽ ሰዓት ፈጣን የእግር ጉዞ ዝቅተኛውን መጠን ያሟላል።

ስለዚህ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ተማሪውን በሰውነቱ ከመንቀፍ ተቆጥበን፣ «ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ስልክህስ የት ያድራል?» ብለን በአባትነት እንጠይቅ። ነቀፋ ያሸሻል፤ ጥያቄ ግን ያቀርባል።