መድኃኒት የማይገድለው የጥጥ አረም

ገበሬ ወገኖቻችን! በመተማ፣ በቋራና በሁመራ ቆላ የሰማይን ዝናብ ጠብቃችሁ ጥጥ የምታመርቱ ሁሉ፣ ይህን ጽሑፍ ልብ ብላችሁ አንብቡት። ማንበብ ያልጀመረ ጎረቤት ካላችሁም አንብቡለት።

ፀረ አረም መድኃኒት ረጫችሁ እንበል። አብዛኛው አረም ደረቀ። ጥቂቱ ግን ምንም እንዳልነካው ቆሞ ቀረ። «ጥቂት ናት፣ ምን ታመጣለች» ብላችሁ ተዋችኋት። በሁለተኛው ዓመት ያቺው አረም ሰፋ ብላ በቀለች። በሦስተኛው ዓመት ማሳውን ሞላችው። ገንዘባችሁ ለመድኃኒት ወጣ፣ ጥጡም በአረም ተዋጠ። ይህ እንዴት ይሆናል?

ነገሩ ዘር እንደ መምረጥ ነው። እናንተ ከማሽላችሁ ደህና ደህናውን እየለያችሁ ለዘር ታስቀምጣላችሁ። መድኃኒትም እንዲሁ ይመርጣል። ከብዙ ሺህ አረም መካከል በተፈጥሮዋ ያንን መድኃኒት የምትችል አንዲት ልትኖር ትችላለች። መድኃኒቱ ሌሎቹን ገድሎ እሷን ይተዋል። ዘሯን ታራግፋለች፤ ልጆቿም እንደ እናታቸው መድኃኒቱን ይችላሉ። በየዓመቱ አንዱን መድኃኒት ብቻ የሚረጭ ገበሬ፣ ሳያውቀው ለአረም ዘር እየመረጠ ነው ማለት ነው።

ይህ በሌላ አገር የጥጥ ገበሬዎች ላይ ደርሷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ግላይፎሴት የሚባለውን መድኃኒት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ የጥጥ ዘር ለገበያ ቀረበ። ገበሬዎቹ ይህንኑ መድኃኒት በየዓመቱ በጥጡ ላይ ይረጩ ጀመር። በ2005 በጆርጂያ ግዛት የአሉማ ዘመድ የሆነ አንድ አረም ግላይፎሴትን እንደቻለ ታወቀ። ከዚህ አረም አንዷ ብቻ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዘር ታፈራለች። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ወደ ሌሎች ጥጥ አብቃይ ግዛቶች ተዛመተ። ትልቅ ትራክተር ያለው ገበሬ ተመልሶ መኮትኮቻ ያዘ፤ ሠራተኛ ቀጥሮም በእጅ ያሳርም ጀመር።

የእኛ ጥጥ ግን ግላይፎሴትን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአገራችን የተፈቀደው ጥጥም የሚከላከለው ትልን እንጂ ፀረ አረምን አይደለም። ስለዚህ ግላይፎሴት ከዘር በፊት እንጂ በበቀለ ጥጥ ላይ አይረጭም።

አረሙ ባይሞት ሁሉ መድኃኒቱን ቻለ አትበሉ። በጭቃማ ውኃ የተበጠበጠ ግላይፎሴት ኃይሉ ይደክማል። ተረጭቶ ሳይቆይ ዝናብ ከመታው ይታጠባል። አረሙ ካረጀም ቶሎ አይሞትም። መጠኑ ያነሰ ወይም የተጭበረበረ መድኃኒትም አይገድልም። ነገር ግን ሌላው አረም ሁሉ ደርቆ አንድ ዓይነት ብቻ ከቀረ፣ ወይም ከአንድ ዓይነት አረም የሞተውና ያልሞተው ጎን ለጎን ከታየ፣ ያን ጊዜ ጠርጥሩ። ለልማት ሠራተኛውም አሳዩ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የተረፈችውን አረም ሳታብብ ንቀሏት። ዘር ይዛ ከሆነ በጆንያ ከማሳው አውጥታችሁ አቃጥሏት። ዋናው ነገር ይኸው ነው። መጠኑን እጥፍ አድርጎ መርጨት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ሰውንና መሬትን ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አረሙ ብቅ ሲል፣ ዝናቡ ጊዜ ከሰጣችሁ ደግማችሁ እረሱና ከዚያ ዝሩ። መኮትኮቻ እንዲያልፍ በመስመር ዝሩ። ጥጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ዘገምተኛ ነው፤ አረም የሚቀድመው ያኔ ነው። በሁለትና በሦስት ሳምንቱ አርሙ፣ ከወር በኋላም ድገሙ። ዋልካ መሬት ዝናብ ከበዛ አያስገባምና ጠፍ ባለ ቀን ሁሉ ተረዳድታችሁ ግቡ። መድኃኒት የቻለውንም አረም መኮትኮቻ ይቆርጠዋል።

ሦስተኛ፣ ጥጥ በጥጥ ላይ አትመላልሱ። በማሽላ፣ በሰሊጥ ወይም በማሾ አፈራርቁ። ሰብሉ ሲለወጥ የእርሻው ጊዜም መድኃኒቱም ይለወጣል።

አራተኛ፣ ከሌላ ማሳ የመጣ ትራክተር የአረም ዘር ይዞ ይመጣልና ጭቃውን አራግፉ። የማሳውን ዳርና ቦዩንም አጽዱ።

አምስተኛ፣ ቱ-ፎር-ዲ የሚባለው መድኃኒት ጥጥን ክፉኛ ይጎዳል። በማሽላ ላይ የተረጨው በነፋስ ቢመጣ እንኳ የጥጡ ቅጠል ይጣመማል። ጥጥ የዘራ ጎረቤት ካላችሁ በነፋስ አትርጩ። በቱ-ፎር-ዲ የረጫችሁበትን መሣሪያም በደንብ ሳታጥቡ ወደ ጥጥ አታስገቡ።

አሁን ፊደል የቆጠራችሁ ሰዎች አንድ ትልቅ መሣሪያ በእጃችሁ አለ። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ በትልቁ የተጻፈው የንግድ ስም ነው። ራውንድአፕ የንግድ ስም ሲሆን ውስጡ ያለው ግላይፎሴት ነው። ሌላ ስም ያለው ዕቃም ውስጡ ያው ግላይፎሴት ሊሆን ይችላል። «መድኃኒት ለወጥኩ» ያለ ሰው ስሙን ብቻ ለውጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን የውስጡን ስም ፈልጉ። በውጭ ቋንቋ ከሆነ ተማሪ ልጃችሁን አስነብቡ። በደብተራችሁም የረጫችሁትን መድኃኒት ስም፣ ቀኑን፣ ማሳውንና ሳይሞት የቀረውን አረም ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ነጋዴው ከሚነግራችሁ ይልቅ ደብተራችሁ ይነግራችኋል።

ባዶውን ጀሪካን ግን ውኃ አትቅዱበት፣ ለልጆችም አትስጡ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ዛሬ አንዷን አረም ጎንበስ ብሎ የነቀለ ሰው፣ ከርሞ ሺዎቹን ከማረም ይድናል።