በግማሽ ሰከንድ መዘግየት የተጋለጠው ሥውር በር

ድረ ገጾችንና ኢሜይልን የሚያስተናግዱ እጅግ በርካታ ሰርቨሮች የሚሠሩት ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ነው። በሊኑክስ ፕሮግራም የሚፈልግ ሰው ከየድረ ገጹ አይለቅምም፤ የጥቅል አስተዳዳሪ የተሰኘው መሣሪያ ከታወቀ ማከማቻ ያወርድለታል፤ ዲጂታል ፊርማውንም ያረጋግጣል።

ይሁንና ፊርማው እንደ ምርጥ ዘር ከረጢት ማኅተም ነው። ዕቃው በመንገድ እንዳልተነካ ይመሰክራል እንጂ ከረጢቱን ስለሞላው ሰው ታማኝነት አይናገርም።

ይህ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም በግልጽ ታየ። የማይክሮሶፍት መሐንዲሱ አንድሬስ ፍሮይንድ ከርቀት ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተውሎ ነበር። ሌላው ሰው ንቆ የሚያልፋትን ይህችን መዘግየት ተከታትሎ ሲመረምር፣ ፋይል ለማመቅ በሚያገለግለው ኤክስ ዜድ በተባለ ጥቅል ውስጥ ሥውር በር አገኘ። ቁልፉን የያዘ ሰው በዚህ በር ገብቶ ሰርቨሩን እንዳሻው ማዘዝ ይችል ነበር።

ጥቅሉን ለዓመታት በነፃ ሲንከባከብ የኖረው በዋናነት አንድ ሰው ብቻ ነው። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበው ረዳት ከ2 ዓመት በላይ አብሮት ሠርቶ አመኔታ ካተረፈ በኋላ፣ በሩን በ5.6.0 እና በ5.6.1 ዕትሞች ሸሸገ።

ዕትሞቹ በአመዛኙ የደረሱት ለሙከራ በተዘጋጁ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ነበር። ደቢያን በሙከራ ማከማቻው የነበረውን ጥቅል ወደ ቀድሞው ሲመልስ፣ ለመደበኛ ሥራ የሚውለው ዕትሙ አልተነካም።