የፀሐይ ኃይል የውሃ ፓምፕ የሽቦ ማያያዣ አመራረጥና አገጣጠም

መግቢያ

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ በሚወርዱበት በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ሌሎች አትክልቶች በመስኖ ይመረታሉ። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ የነዳጅ ወጪን ያስቀራል። ይሁን እንጂ ፓምፑ ውሃ ማውጣት ሲያቅተው «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ለአዲስ ፓምፕ ገንዘብ ከማውጣት በፊት፣ በቅድሚያ መመርመር ያለበት የሽቦው መጋጠሚያ ነው።

የላላ መጋጠሚያ የሚያስከትለው ጉዳት

በ24 ቮልት የሚሠራና 10 አምፔር የሚስብ ፓምፕ እንውሰድ። በአንድ የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ ላይ የ0.2 ኦም ተቃውሞ ቢፈጠር 2 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ 20 ዋት የሚሆን ኃይልም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ሁሉ ሙቀት ጣት በምታህል ቦታ ላይ ስለሚከማች ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ በአጠገቡ ደረቅ ሣር ካለም እሳት ሊነሳ ይችላል። ፓምፑ ደግሞ ኃይሉ ስለሚቀንስበት ውሃው እየደከመ ይመጣል፤ በበጋ ፀሐይ የቆመ ሰላጣ ይህን አይታገሥም።

አመራረጥ

1. የአምፔሩ መጠን፦ የፓምፑ ዋት በቮልቱ ሲካፈል አምፔሩ ይገኛል። 300 ዋት የሆነ ፓምፕ በ12 ቮልት 25 አምፔር ሲስብ፣ በ48 ቮልት ግን 6 አምፔር ያህል ብቻ ይስባል። ማያያዣው ከዚህ በላይ የሚችል መሆን አለበት።
2. ዓይነቱ፦ ለሶላር ሰሌዳ ኤም ሲ 4 የሚባለው፣ ውሃ የማያስገባና ቁልፍ ያለው ማያያዣ ተስማሚ ነው። የቤት ስፒናና ሶኬት ለዚህ ሥራ አይውልም።
3. ጥንዱ፦ ወንዴውና ሴቴው የአንድ ፋብሪካ ሥራ መሆን አለባቸው። የተለያዩ ፋብሪካዎች ማያያዣ የገጠመ ቢመስልም ውስጡ በደንብ ስለማይነካካ ይሞቃል።

አገጣጠም

1. የሽቦው ልባስ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይላጣል፤ ክሮቹ እንዳይቆረጡ ጥንቃቄ ይደረጋል።
2. መቆለፊያው ብሎንና የጎማው ማሸጊያ አስቀድመው በሽቦው ላይ ይገባሉ።
3. የተላጠው ሽቦ በብረቱ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ለዚሁ በተሠራ መጭመቂያ ፒንሳ ይጨመቃል። በተራ ፒንሳ የተጨመቀ ውሎ አድሮ ይላላል።
4. ብረቱ በፕላስቲኩ ውስጥ «ቀጭ» እስኪል ይገፋል፤ በመጠኑ ተስቦ መያዙ ይረጋገጣል፤ ከዚያም ብሎኑ ይጠብቃል።
5. ከማገናኘት በፊት ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ በመለኪያ ይለያል።

የቦታ አመራረጥ

የአቃቂ ኮትቻ አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በዚህ እንቅስቃሴ የተቀበረ ሽቦ ይጎተታል፤ መጋጠሚያውም ይላላል። ስለሆነም መጋጠሚያ በአፈር ውስጥ አይቀበርም። ከመሬት ከፍ ብሎ ከሰሌዳው ሥር ይታሰራል፤ የሚቀበረው ሽቦም በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ትንሽ ዘና ብሎ ይዘረጋል።

ማሳሰቢያ

ፓምፑ እየሠራ ማያያዣ በፍጹም አይነቀልም። የመብራት ኃይል በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ ብልጭታው ቶሎ ይጠፋል። የሶላር ኃይል ግን አቋራጭ ስለሌለው ብልጭታው ቀጥሎ እጅ ያቃጥላል። በመጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያው ይዘጋል፤ ሰሌዳውም በወፍራም ጨርቅ ይሸፈናል። ሰሌዳዎች በተከታታይ ሲያያዙ ቮልታቸው ስለሚደመር ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሥራ ለባለሙያ ይተው።

ማጠቃለያ

ክረምቱ እንዳበቃ፣ መስኖ ከመጀመሩ በፊት፣ መጋጠሚያዎች ሁሉ አንድ በአንድ ይታዩ። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ከተገኘ ሁለቱም ወገን ይለወጥ እንጂ በፕላስተር አይጠቅለል። ፓምፑ እየሠራ በሰሌዳው በኩልና በፓምፑ በኩል ያለው ቮልት ሲለካ ሰፊ ልዩነት ከታየ፣ ጥፋቱ ከሞተሩ ሳይሆን ከመካከሉ ካለው ሽቦና መጋጠሚያ ነው።