የዝንባሌ ክበባት ለምን ይከስማሉ? እንዴትስ ያንሠራራሉ?



ይህን ንግግር እንዳቀርብ ስለ ጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ግብዣውን ያመጡልኝ ተማሪዎች ተዘግቶ የቆየውን የኤሌክትሮኒክስ ክበብ እንደገና ለመክፈት ማሰባቸውን ነግረውኛል። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ «እንዲህ ያለ ክበብ ለምን ይሞታል?» የሚል። ለዚህ ጥያቄ ስለ ራሴ ጥፋት ሳልናገር መልስ መስጠት አልችልም።

በወጣትነቴ ባስተማርሁበት ሌላ ተቋም የኤሌክትሮኒክስ ክበብ አስተባባሪ ነበርሁ። አርባ ያህል አባላት ነበሩን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአሮጌ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የነቀልናቸውን ዕቃዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ በስታኞ እየበየድን፣ አንዱ የሠራውን ሌላው እያረመ እስኪመሽ እንቆይ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያ ክፍል የቀረነው አራት ሰዎች ነበርን። ምክንያቱን ስጠየቅ «የዛሬ ተማሪ ፍላጎት የለውም» እል ነበር። ያ አባባል ምርመራ ሳይሆን ማምለጫ እንደ ነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የማንኛውም ክበብ ዕድሜ በሁለት በሮች ይወሰናል፤ በመግቢያውና በመውጫው። መውጫውን መዝጋት አይቻልም። ተማሪ ይመረቃል፣ ሠራተኛ ይዛወራል፣ ወላጅ የሆነ ሰው ጊዜ ያጣል። ከአርባ አባላት በየዓመቱ ሩቡ ቢወጣና ማንም ባይተካ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚቀሩት አሥር አይሞሉም። ማንም ከማንም ሳይጣላ ክበቡ ያልቃል። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ክበብ የሚሞተው ነባሮቹ ስለ ወጡ ሳይሆን አዲሶቹ ገብተው መቆየት ስላቃታቸው ነው።

ይህን ለማስረዳት የአማተር ሬዲዮን ታሪክ በምሳሌነት እወስዳለሁ። አማተር ሬዲዮ ግለሰቦች ፈተና አልፈው፣ ከመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት ተቀብለው፣ ያለ አንዳች ትርፍ በሬዲዮ ሞገድ የሚገናኙበትና የሚመራመሩበት ዝንባሌ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ስለ ኖረ ብዙ ያስተምረናል።

ለረጅም ዘመን በአጭር ሞገድ ለመጠቀም የሚፈልግ አማተር የሞርስን ኮድ በጆሮው ለይቶ መቀበል፣ በእጁም መላክ እንደሚችል በፈተና ማሳየት ነበረበት። ፈተናው ሲደነገግ ምክንያታዊ ነበር፤ የዘመኑ መርከቦችና ጣቢያዎች የሚነጋገሩት በዚሁ ኮድ ነበርና። ዘመኑ ካለፈ በኋላ ግን ፈተናው ቀረ፤ ትርጉሙም ተለወጠ። ለብዙ ነባሮች «እኔ የከፈልሁትን ዋጋ አንተም ክፈል» የሚል የክብር መለኪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2003 በጄኔቫ የተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ኮሙኒኬሽን ጉባኤ ግዴታውን አንሥቶ ውሳኔውን ለየአገሩ ተወ። አሜሪካ በ2007 ፈተናውን ስታስቀር ሙያው ይረክሳል ብለው የተቃወሙ ነበሩ። ሆኖም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የባለፈቃዶቹ ቁጥር ከ700 ሺህ አለፈ። ሞርስም አልጠፋም፤ ዛሬ ብዙዎች ሳይገደዱ፣ ወደውት ይማሩታል።

ከዚህ ተነሥተን «በሩን ብቻ እንክፈት» ብንል ግን እንሳሳታለን። ጃፓን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሞርስ ፈተና የሌለበት ፈቃድ ስትሰጥ ኖራለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአማተር ጣቢያዎቿ ቁጥር ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ከ400 ሺህ በታች ነው። አንዱ ዐቢይ ምክንያት ተንቀሳቃሽ ስልክ ነው። ሬዲዮውን የያዘው ከመኪናው ሆኖ ወዳጁን ለማግኘት ብቻ የነበረ ሰው፣ ስልክ ሲገኝ ሬዲዮውን አስቀመጠ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሰው በቀላሉ ቢገባም፣ ሌላ ቦታ የማያገኘው ሥራ ካልጠበቀው አይቆይም።

በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታንያ የተጀመረውን የተራራ ጫፍ እንቅስቃሴ ተመልከቱ። ተሳታፊው ቀላል ሬዲዮና ባትሪ ተሸክሞ ተራራ ይወጣል፤ ከጫፉ ላይ ከሌሎች አማተሮች ጋር ይገናኛል፤ ነጥብም ይመዘገብለታል። ስልክ ይህን ሊተካው አይችልም፤ ደስታው ከድካሙ ጋር የተያያዘ ነውና። ዝንባሌው ያንሠራራው ለሰዎች የሚሠሩት ነገር ስለ ሰጣቸው ነው።

ታዲያ አዲስ ሰው ሥራ የሚያገኘው እንዴት ነው? ጂን ሌቭ የተባሉት አንትሮፖሎጂስት በላይቤሪያ የልብስ ሰፊዎችን ልምምድ አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 ከኤትየን ዌንገር ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ እንደምናነበው፣ ተለማማጁ የሚጀምረው ከሥራው መጨረሻ ነው፤ ቁልፍ ይተክላል፣ ጠርዝ ያጥፋል። ጨርቅ መቁረጥ የሚመጣው በኋላ ነው። ቁልፉ ቢጣመም ይፈታል፤ ጨርቁ ያለ ልክ ከተቆረጠ ግን ኪሳራ ነው። ስለዚህ ጀማሪው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ትንሽ፣ ግን እውነተኛ ሥራ ይሠራል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። አንድ ቅዳሜ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ወደ ክፍላችን ገባ። ጥቂት ቆሞ ካየ በኋላ አንዲት ሬዚስተር አንሥቶ፣ «እነዚህ ቀለማት ምን ያመለክታሉ?» ሲል ጠየቀ። ከነባሮቹ አንዱ «ይህን ሳታውቅ ነው የመጣኸው?» አለው። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ። ልጁ ሬዚስተሯን ወደ ቦታዋ መልሶ ወጣ፤ ዳግመኛም አልመጣም። ቀለማቱ የመከላከያውን መጠን እንደሚገልጹ ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ሌሎች ስንት ሰዎች በዚያው ሳቅ እንደ ተመለሱ አልቈጠርሁም። የቈጠርሁት ተቀምጠው የቀሩትን ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋቴ የክፍሉን ቁልፍ ስድስት ዓመት ሙሉ በኪሴ መያዜ ነው። ትጋት መስሎኝ ነበር። እኔ ስታመም ክበቡ ይዘጋ ነበር፤ እኔ ስሰለች ክበቡም ሰለቸ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። በጽዋ ማኅበር ድግሱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ጽዋውን የተረከበው ሰው ተራው የእርሱ መሆኑን አይረሳም። በእርግጥ ጽዋ ማኅበር የእምነት ማሰሪያ አለው፤ የዝንባሌ ክበብ ያ ማሰሪያ የለውም። እንዲያውም ስለሌለው ነው ኃላፊነትን ማዘዋወር ይበልጥ የሚያስፈልገው።

ክበቡን ለመክፈት ለተነሣችሁት ተማሪዎች አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የአባላትን ድምር ሳይሆን ባለፈው ወሰነ ትምህርት ከገቡት ስንቶቹ ዛሬም እንደሚመጡ ቊጠሩ። ሁለተኛ፣ አዲስ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን በእጁ አንድ ነገር ሠርቶ ይሂድ። አጠገቡም አንድ ነባር ይቀመጥ፤ አማተሮች እንዲህ ያለውን መካሪ «ኤልመር» ይሉታል፤ ስሙም እ.ኤ.አ. በ1971 በአንድ መጽሔታቸው ከተወሳ ኤልመር ከተባለ መካሪ የተወረሰ ነው። ሦስተኛ፣ ቀኑና ሰዓቱ አይለዋወጥ፤ ሦስት ሰው ብቻ ቢመጣም ክፍሉ ይከፈት። ትልቅ በዓል አዘጋጅቶ ሰው መሰብሰብ ቀላል ነው፤ ክበብን የሚያኖረው ግን የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። አራተኛ፣ ቁልፉን በየዓመቱ አስረክቡ፤ ተረካቢውም ከእናንተ ያነሰ ልምድ ቢኖረው አትፍሩ።

ይህ በአገራችን የማይሞከር ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአምስት ኪሎ ግቢ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ይገኛል፤ የጥሪ ምልክቱ ኢቲ3ኤኤ ነው። ተማሪዎች በዚያ ማይክሮፎን ይዘው ከሌላው የዓለም ክፍል ጋር ተነጋግረዋል። ያን ዕድል ያገኘ ተማሪ ያገኘው አንድ ነባር ወንበሩን ስለ ለቀቀለት ነው።

ያ የአንደኛ ዓመት ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ይቅርታ ልጠይቀው ብችል ደስ ይለኝ ነበር። ስላልቻልሁ ግን እናንተን አንድ ነገር እለምናለሁ። ክፍላችሁ በተከፈተ በመጀመሪያው ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ፤ ጥግ ላይ ተቀምጬ ስለ ሬዚስተር ቀለማት የሚጠይቀኝን ሰው ልጠብቅ ፍቀዱልኝ። ቁልፉን ግን ለእኔ አትስጡኝ።